የሐጂ ሐሚድ እግርና የስንብቱ ቀን

ዛሬ ጠዋት ከአሶሳ ገበያ ወደ ሥራ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር መስታወቱ ላይ ያረጀ ማስክ አንጠልጥሏል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ለጌጥ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሐጂ ሐሚድ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ሁሉን አውቃለሁ በሚባልበት ዕድሜ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሐሚድ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ነበሩ። ስኳሩና የዘመናት ሲጋራቸው ተባብረው የግራ እግራቸውን የደም ስር ስለዘጉት ጣታቸው መጥቆር ጀምሯል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ስሩን በቀዶ ሕክምና ሊከፍትላቸው ቀጠሮ ሰጠ። ወቅቱ ግን የኮሮና ነበር።

«ይሄ ቫይረስ ደም ያረጋል» አለኝ ሐኪሙ በስልክ። «ይዟቸው ቀዶ ሕክምና ከገቡ የከፈትኩት ስር መልሶ ይዘጋል፤ ሳንባቸውም ላይችል ይችላል። ሁለት ሳምንት ሰው አይጠጋቸው። ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ይምጡ። ከዚያ በላይ እግሩ አይጠብቀንም።»

የግቢው ዘበኛ ሆንኩ። የመጣውን ዘመድ ሁሉ ከበር እመልሳለሁ። ሐጂ ዝናብ ያረገፈው ማንጎ በሚሸትበት ግቢ ብቻቸውን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እኔ ደግሞ ታዘዙልኝ ብዬ ኮራሁ።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ማስክ ያደረገ አንድም የለም። ሰዉ ተራ በተራ የሐጂን እጅ ይዞ «አውፍ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ ማለት ነው፣ ይላል፤ እሳቸውም እንደዚያው። በሐጂ አገር ሰው ዘንድ ሞት ሊገጥመው ወደሚችል መንገድ የሚሄድ ሰው ይቅር ሳይባባል አይነሳም፤ ይቅርታውም እጅ ለእጅ ተያይዞ እንጂ ከሩቅ አይሆንም።

ሐጂን ወደ ጓዳ ጎተትኳቸው። «ምን አደረጉ? አምስት ቀን እኮ ነበር የቀረዎት!»

«ዶክተር» አሉኝ፤ ነርስ መሆኔን ቢያውቁም እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ፤ አማርኛቸውም ሴትን እንደ ወንድ ነው የሚጠራው። «እኔ ቢላዋ ስር ነው የምገባ። ብሞትስ? የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ነው። ሚስቴም እሺ ብሏል፣ ሰው የጠራ እሱ ነው።»

ጮኼ መበተን ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልኝ፣ ይሉኝታ ያዘኝና ተቀመጥኩ። በላሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የምርመራው ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ። ሐኪሙ በስልክ «በዚህ ሁኔታ አልነካቸውም» አለኝ። ሳሉ በሦስት ሳምንት ለቀቃቸው። ጥቁረቱ ግን ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ስለወጣ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሐጂ ዛሬም በክራንች ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ያን ቀን ከመጡት ሽማግሌዎች ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞተዋል። «እንኳን አውፍ ተባባልን» ይላሉ ሐጂ። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ። በእሳቸው ነው እንዳልል፣ አይደለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በር ስጠብቅ አንዴ እንኳ ምን እንደሚያስፈራቸው አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅ ኖሮ ሰዉን ማስክ አስደርጌ፣ እጅ አስታጥቤ፣ አንድ በአንድ አሰናብታቸው ነበር።

ያን ቀን እዚያ ግቢ የነበረ ሰው ሁሉ ከሐጂ ጋር ይቅር ተባብሏል። አውፍ በሉኝ ያላልኳቸው እኔ ብቻ ነኝ።