የአራስ ቤት ሻይ

በፈረንጆች አቆጣጠር 1986 ዓ.ም.፣ ጸደዩ ሊያልቅ ሲል ነበር። ልጄን ከወለድኩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖኛል። የምንኖረው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ሊፍት የሌለው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የታጠበ ልብስ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መታ። ዓይኔ ጨለመ። ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ።

ያገኘችኝ ከእኛ በታች የምትኖረው ሚስስ ዎንግ ናት። ከቬትናም በስደት የመጣች፣ ዕድሜዋ የገፋ ቻይናዊት ነበረች። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ሰባራ ነው። ልብሱን ከእጄ ተቀብላ ፊቴን አየችና «ፊት ነጭ፣ እንደ ወረቀት» አለች።

በምወልድበት ጊዜ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር። ሐኪም ቤት የደሜ መጠን፣ ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ ከአሥራ ሁለት ማነስ ሳይገባው ሰባት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ አኒሚያ፣ የደም ማነስ፣ መሆኑን ነግራኝ ፌረስ ሰልፌት የተባለ የብረት ኪኒን አዘዘችልኝ። ከወር በኋላ ደሜ እንደገና ተመረመረ። ያው ሰባት ነበር።

ኪኒኑን አንድም ቀን አላጓደልኩም። ደሜ ግን ፈቀቅ አላለም። ወተቴ ቀነሰ። ልጄን አቅፌ መቆም አልቻልኩም።

ሐኪሟ «እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልጨመረ አስተኝተን ደም እንሰጥሻለን፤ የአጥንት መቅኔሽንም እናያለን» አለችኝ። ደሙ እንደሚመረመር አስረድታኛለች። በዚያ ዘመን ግን በኤድስ ምክንያት በከተማችን ስለ ደም የሚወራው ሁሉ ያስፈራ ነበር። ከዚያም ይልቅ ያስጨነቀኝ ሰማንያው ነው። ሴት የወለደች እናት በሰማንያ ቀኗ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፤ ልጅቱም ክርስትና ትነሣለች። ሐኪም ቤት ተኝቼ ልጄን ሌላ ሰው እንዳይታቀፍልኝ ፈራሁ። ድንግልን ለመንኳት። ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረም።

ሚስስ ዎንግ በዚያው ሰሞን ድስት ይዛ መጣች። በእነርሱም አገር የወለደች ሴት ወር ሙሉ ከቤት አትወጣም፣ ቀዝቃዛ ነገር አትነካም። ያን ስትነግረኝ እንደ እናቴ ሆነችብኝ። ድስቱን ከፈተችው፤ ዝንጅብልና ሆምጣጤ ሸተተኝ።

«እግር» አለች። «የአሳማ። ለወተት ጥሩ።»

 ባለቤቴ መስቀሌን ጠቆማትና ራሱን ነቀነቀ።

«አሳማ የለም?»

«የለም።»

«ላም?»

«ላም አለ።»

«እሺ፣ ላምም ጉበት አላት» ብላ ድስቷን ይዛ ወረደች።

በማግስቱ የበሬ ጉበት በዝንጅብል ቀቅላ፣ የተሸበሸቡ ቀያይ ቴምሮችና ትናንሽ ቀይ ፍሬዎች ጨምራበት መጣች። ለብቻው ደግሞ ቡናማ ሥር አፍልታ በኩባያ ሰጠችኝ። ዳንግ ጉዪ ይሉታል፤ ከቻይናታውን የምትገዛው ነው።

እትዬ አስካለ እቤታችን ነበሩ። እናቴን ተክተው ያረሱኝ እርሳቸው ናቸው። ኩባያውን አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥር የምታጠጣ ሴት በእኛ አገር ምን እንደምትባል ረሳሽው?»

«ጎረቤቴ ናት እኮ፣ እትዬ።»

«ሥር ማሽም የሰው ጎረቤት ነው።»

ልቤ ስለተከፈለ የንስሐ አባቴን በስልክ ጠየቅኋቸው። «ድግምት ከሌለበት ዕፁን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ግን ለሐኪምሽ አሳዪ» አሉኝ። ጉበቱን በላሁ። የሥሩን ውሃ ግን ሳልጠጣ ቁራጩን ከኩባያው አውጥቼ በመሐረብ ጠቅልዬ ለቀጠሮዬ አስቀመጥኩት።

ሐኪሟ ሥሩን አገላብጣ አየችው። «የወሊዱ ደም ጨርሶ እስኪቆምልሽ ይህን አትጠጪ፤ መድማትን ሊያብስ ይችላል» አለች። «ጉበቱንና ቴምሩን ግን ብዪ። ጎረቤትሽን አመስግኚልኝ።» ከዚያ መጻፏን ቀጥላ «ብረቱን በምን ነው የምትውጪው?» አለችኝ።

«በሻይ። ሆዴን ስለሚያቅለሸልሸኝ።»

«በዚህ በቻይናው?»

«በእኛው፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ባለው ጥቁር ሻይ።»

«በቀን ስንት ኩባያ ትጠጫለሽ?»

አብሮኝ የመጣውን ባለቤቴን አየሁት። «ዶክተር፣ እሱማ በጠያቂው ቁጥር ነው» አላት።

እውነቱን ነው። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ብቻውን አይጠጣም። ከበርክሌ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ከሳን ሆዜ ባለትዳሮች ይመጣሉ፤ ታክሲ ነጂዎች ከሥራ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። እትዬ አስካለ ለመጣው ሁሉ ይቀዳሉ፤ ለእኔም ይቀዳሉ። «አራስ ጉሮሮዋ አይድረቅ» ይላሉ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ሻይ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል አለችን። ደሜ ያን ቀንም ባይጨምርም፣ ደም መስጠቱንና የአጥንቱን ምርመራ ለሦስት ሳምንት አቆየችው። ኪኒኑን በብርቱካን ጭማቂ እንድውጥ፣ ሻይ ከመድኃኒትም ከምግብም እንዲርቅልኝ አዘዘች።

ለእትዬ አስካለ ነገርናቸው። «የቻይናዋን ስጠብቅ በእኔው በራድ ገባብሽ?» አሉ። ባለቤቴ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በራችን ላይ እንደ ዘበኛ ሆኑ፤ ሻይ የሚል ጠያቂ ቢመጣ «ውሃ አለ» ይሉታል። ከሚስስ ዎንግም ጋር ቋንቋ ሳይኖራቸው ተግባቡ። አንዷ ቴምሩን ትፈለቅቃለች፣ ሌላዋ ዝንጅብሉን ትልጣለች፤ ቴምሩን በዝንጅብል አፍልተው ለጠያቂው ሁሉ ያቀርቡ ጀመር። ከምግቡ ይሁን ከኪኒኑ፣ ወይም ከሁለቱም፣ ቀስ በቀስ ከንፈሬ ቀላ፤ ወተቴ ተመለሰ፤ ልጄን አጥቤ፣ አልብሼና አቅፌያት በሐይቁ ዳር ትንሽ እራመድ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኔ ከአሥር አለፈ። ሐኪሟ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ።

በሰማንያው ቀን፣ በኪራይ በምናስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ልጄን ራሴ ታቅፌ ገባሁ። ቆሜ አስቀደስኩ። ሚስስ ዎንግ ነጠላ አበድረናት ከእትዬ አስካለ ጎን ቆማ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንም፣ ሁለቱን እናቶቼንም ይባርክልኝ። እንደ እኔ ለደከማችሁ እህቶች የምለው ጥቂት ነው። የብረት ኪኒን በሻይም በቡናም አትዋጡ። ምግብ ሆኖ የሚረዳችሁን የጎረቤት ድስት አትናቁ። ሥርና ቅጠል ግን ለሐኪማችሁ ሳታሳዩ አትጠጡ። ጸሎትም ከጥያቄ አይከለክልም፤ ጠይቁ።

ከክርስትናው በማግስቱ ጠዋት ጉበት በዝንጅብል ቀቅዬ በሳህን ከደንኩና ባለቤቴ ሳን ሆዜ አደረሰኝ። አንዲት እህታችን በዚያው ሳምንት ወልዳ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ኪኒኗን በምን እንደምትውጥ ጠየቅኋት።