አሥር ነጥብ ያስቀነሰ ሶፋ

ሶዶ ውስጥ በአንድ ቀበሌ የቤቶች ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ጴጥሮስ አንድ ወፍራም መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ማርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሰላም ሲልሽ ቤት እየጠየቀሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ምሳ ሳልበላ አሥራ አንድ ሰው አነጋገርኩ፤ ለሁሉም «ተመዝግበዋል፣ ይጠብቁ» አልኩ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የቀበሌ ቤት ሲለቀቅ ተረኞቹ ከመዝገብ ይወጣሉ። እኔ ቤታቸው ሄጄ ኑሯቸውን አይቼ ቅጽ እሞላለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። ኮሚቴው ያጸድቅና ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የቤተሰብ ብዛት ነጥብ ይጨምራል፤ ሶፋና ቴሌቪዥን ይቀንሳሉ። አቶ ጴጥሮስ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሳይነግሩ የሰው ቤት መግባት ብልግና ነው፤ ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪ።»

እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቀን እየቆረጥኩ በሁለት ቀን ስምንት ቤት አዳረስኩ። «ፈጣን ነሽ» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ አይደለሁ!

ወይዘሮ ባሎቴ ከስምንቱ አንዷ ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት የልጅ ልጆች በአንዲት የኪራይ ክፍል ያሳድጋሉ። አከራያቸው ቤቱን ሊያፈርስ ስለሆነ ወሩ ሳያልቅ ልቀቁ ተብለዋል። «ሳሮ፣ ሳሮ! ግቢ ልጄ» ብለው በወላይትኛ ሰላምታ ተቀበሉኝና ዳንቴል የለበሰ ቡናማ ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። መደገፊያው ላይ ካውያ ያቃጠለው ምልክት አለ። በቅቤ የራሰ ቆጮ ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። አንጀቴን በሉት፤ ቅጹ ላይ ግን ለአንጀት የተተወ ቦታ የለም። «ሶፋ» ከሚለው ፊት ምልክት አደረግኩ፤ አሥር ነጥብ ተቀነሰ።

የተለቀቀው ቤት አንድ ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ወይዘሮ ባሎቴ ሁለተኛ ወጡ። ቅሬታም አላስገቡም።

በሳምንቱ የጎረቤታቸው የራሔል የቀበሌ ቤት ውል ስለሚታደስ ቤቷን ለማየት ሄድኩ። «ተቀመጪ» ስትለኝ ቆሜ ቀረሁ። ያው ሶፋ፣ ያው ዳንቴል፣ ያው የካውያ ምልክት።

ራሔል ሳቀች። «አወቅሽው እንዴ? ለአንቺ ብለን አራት ሆነን ነው የተሸከምነው! ቅቤውም ከእኔ ቤት ነው።»

ውሉን ትቼ ወደ ወይዘሮ ባሎቴ ሮጥኩ። ቤቱ ውስጥ የእንሰት ጅባ ምንጣፍ፣ ጀሪካንና ሁለት ድስት ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም? ለምን ቅሬታ አላስገቡም?»

«ምን ብዬ? ያስቀመጥኩሽ የተውሶ ነው ልበል? እንግዳ መሬት ይቀመጣል? ነውር ነው እኮ!»

ቅሬታ ይጻፉ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ስለዚህ የራሴን ስህተት ራሴ ጽፌ አቶ ጴጥሮስ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ እኮ ነው» አሉ። «ራስሽን ነው የከሰስሽው።»

«ልከሰስ፣ ጋሼ። የቤቱ ቁልፍ ገና እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ኮሚቴውን ሰብስቢ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አንዱ ጉኑኖ ለቅሶ ሄዷል፣ አንዷ ሥልጠና ላይ ናት፣ የሌላው ስልክ አይነሳም። ደውዬ እነሳለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ እንደገና እደውላለሁ። አቶ ጴጥሮስ «ኧረ ተቀመጪ፣ እኔንም አዞርሽኝ!» ብለው ጮኹብኝ። እግሬ ግን አላርፍ አለ።

ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ባሎቴ ቢሮ መጡ። «መሸኛ ጻፊልኝ። ሁምቦ ያለው ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው። ያለ መሸኛ ልጆቹን ትምህርት ቤት አይቀበሉም አሉኝ።»

መሸኛ የወሰደ ሰው የቀበሌው ነዋሪ መሆኑ ያበቃል፤ ከቤት ተመዝጋቢነትም ይሰረዛል። ይህንን ነገርኳቸውና፣ «ሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ይጠብቁኝ» አልኩ።

«ነገ ቤቱ ይፈርሳል። ልጆቹን የት ላስተኛ?»

እኔ ቤት ይደሩ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባለሙያዋ አመልካች አስጠጋች እባላለሁ ብዬ ፈራሁና ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መሸኛውን ጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ። እንባዬን ሲያዩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ? እንግዳ ነበርሽ» አሉኝ።

ሰኞ ኮሚቴው ሞላ። ሪፖርቴን ሰምተው ብዙም አልተከራከሩም፤ አሥሩ ነጥብ ተመለሰና ወይዘሮ ባሎቴ አንደኛ ሆኑ። ቀጥሎ ሰብሳቢው «ይጠሩና ውል ይፈርሙ» አሉ። የመሸኛውን ግልባጭ አሳየኋቸው። ነዋሪ ላልሆነ ሰው የቀበሌ ቤት አይሰጥም። ቁልፉን ለቀጣዩ አመልካች አስረከብኩ፤ የወይዘሮ ባሎቴን ስም ከመዝገቡ የሰረዝኩትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማጣሪያ ወደ ሰው ቤት ስሄድ ቀጠሮ ሰጥቼ አላውቅም። በዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ እናንተም አትስጡ። የምታዩት ዕቃ የማን እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ባለጌ ይሏችኋል፤ ይበሏችሁ።