በየአፋችን የቀረው ስሌት

ወሬው የደረሰኝ ከሥራ ስመለስ፣ በሰው አገር ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። «የኔታ ተፈታች» ይላል መልእክቱ። «መስመሮቿን ትፈልጋለች፤ ራሷ ረስታቸዋለች።» በማላውቃቸው ሰዎች መሐል አማተብኩ።

የኔታ ያልናት ለቀልድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። እኔ አቤቱታ ላይ ፈርመሻል ተብዬ ቃሊቲ ካለ አንድ ማቆያ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ፍራሿን ጠጋ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ሁኚ እህቴ፣ ያኛው ግድግዳ ያልበዋል» አለችኝ።

ወረቀቶቿ በፍተሻ ተወስደዋል። የጀመረችው ስሌት የቀረው ጭንቅላቷ ውስጥ ብቻ ነበር። እሱም ራስ ምታት ከጀመራት ወዲህ እየከዳት ነው።

«ስለ ምንድን ነው ግን?» አልኳት።

«ስለ ጥቃቅን ቅንጣቶች። ብዙ ሆነው በተዘበራረቀ ቦታ ሲቀመጡ፣ መዘበራረቁ ከበዛ እያንዳንዷ ባለችበት ትቀራለች፤ የሩቋ ወሬ አይደርሳትም። መዘበራረቁ ሲቀንስ ግን፣ ውሃ በረዶ የሚሆንባት ወሰን እንዳለች ሁሉ፣ አንዲት ወሰን አለች። እሷን ሲያልፉ ሁሉም ይቆራኛሉ። ያን ጊዜ የሁሉንም ምስጢር አንዷ ጋ ብትፈልጊው የለም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«መሐላቸው ነዋ።»

ፈጣሪ በዓይን በማይታይ ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ አደራ ማስቀመጡን እያሰብኩ እጄን እጄ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ውዳሴ ማርያምን በልጅነቴ ያጠናሁት ከመምህር አፍ እየተቀበልኩ ነው። «በቃላችን እንያዝልሽ» አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ላለነው ለሁላችን የስሌቱን አንድ አንድ መስመር አደለችን፤ ለሳሪሷ አትክልት ነጋዴ፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ ለምትሠራው ልጅ፣ ለሌሎቹም። እኔ ሳላስበው የኔን በዜማ ያዝኩት።

«ቀመሬን ቀደስሽው እኮ» ብላ ሳቀች።

አንድ ጠዋት መስመሬን ስለው ጠባቂዋ ሰማችኝ። «ምንድን ነው የምታነበንቢው?»

ነጋዴዋ ከጎኔ፣ «ጸሎት ነው በያት፣ ሞኝ አትሁኚ» አለች በሹክሹክታ።

በጸሎት ስም መዋሸት አልሆነልኝም። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁና፣ «የሰው አደራ ነው» አልኩ።

«እስቲ በይው።»

ከነዜማው አልኩት። አስደገመችኝ። ወደ በሩ አየት አደረገችና፣ «ይሄ እኮ ምንም አይደለም» ብላ ወጣች።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው፤ እኔ ጋ ብቻውን ምንም አልነበረም። የኔታ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች።

«አየሽው?» አለችኝ።

አየሁት፤ ምስጢሩ መሐላችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ የለም።

የኔታ እዚያው ቀርታ፣ እኛ በየጊዜያችን ወጣን፣ ተበታተንን። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፤ ብቻዬን ስጸልይ አንዳንዴ ያቺ መስመር ሳልጠራት ትመጣለች። ይቅር ይበለኝ፣ አላባርራትም።

እዚያ ክፍል የነበራችሁ እህቶቼ፣ የያዛችሁት ትንሽ አይምሰላችሁ። ትርጉሙ ባይገባችሁም፣ ግማሹ ቢጠፋባችሁም፣ እንደቀረላችሁ ንገሯት። የኔን ልኬላታለሁ። ብቻውን ምንም አይደለም።