ዳሌ ስጠብቅ

የኤክስሬይ ትምህርት ሰውን ክፉ ያደርጋል። ኮሌጅ ስትገቡ ይህን የሚነግራችሁ የለም። በሁለት ዓመት ትመረቃላችሁ፣ ሥራው ንጹሕ ነው፣ ደሞዙም አይከፋም ይሏችኋል። የሰው አጥንት እስኪሰበር ቁጭ ብላችሁ እንደምትጠብቁ ግን አይነግሯችሁም። ተማሪ ለመመረቅ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በእውነተኛ በሽተኛ ላይ፣ አስተማሪው አጠገቡ ቆሞ እያየው፣ ያለ ስህተት በኤክስሬይ ማንሳት አለበት። ደረት እንደልብ ነው፤ የሚያስል ሰው አይጠፋም። እጅና ቁርጭምጭሚትም ቶሎ አለፍኩ። የቀረኝ ዳሌ ነበር።

ዳሌ ደግሞ እኔን ይሸሸኛል። ኦክላንድ ወዳለው ሆስፒታል ለልምምድ ስሄድ አንድም የለም፤ በማግስቱ ክፍል ስንገናኝ ልጆቹ «ትናንት ዳሌ ጎረፈ እኮ!» ይሉኛል። የትምህርት ተርሙ ሊያልቅ ነው። ካላገኘሁ ከሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ጋር እንድጠብቅ ነው የሚደረገው። የሚቀጥለውን ዓመት ግን የምችልበት ጉልበት አልነበረኝም። ቅዳሜና እሑድ ኤል ሴሪቶ ሄጄ ለደሞዝ አንድ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ቤት ስገባ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ያወሩኛል፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «እሺ» እላለሁ፤ ምኑን እሺ እንዳልኩ የማውቀው በኋላ ነው። ባቡር ላይ ቆሜ እየተኛሁ መውረጃዬን ሳን ሊያንድሮን ስንቴ አልፌያት ሄጃለሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ቃል የለውም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ተሰብስበን እንጸልያለን። የጸሎት ርዕስ ስጠየቅ «አንድ ፈተና ቀርቶኛል፣ ጸልዩልኝ» አልኩ። ዝርዝሩን ዋጥኩት። የሰው ዳሌ እንዲሰበር ጸልዩልኝ ይባላል እንዴ! ለብቻዬ ስሆን ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ዳሌ ብቻ» ብያለሁ። ስለ ፈተናዬ ሲጸለይ በስልኩ ውስጥ ከሁሉም ጮክ ብለው «አሜን» ያሉት እትዬ ነበሩ። እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። አዲስ መጤ ሆኜ ማደሪያ ሳጣ ሳሎናቸው ውስጥ አንጥፈው ያስተኙኝ፣ አውቶቡስ ያሳፈሩኝ፣ ሥራ ያፈላለጉልኝ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከድንገተኛ ክፍል ትእዛዝ መጣ፦ የወደቀች ሴት፣ ቀኝ ዳሌ። አስተማሪዬ ስክሪኑን አይታ «ያንቺ ነው» አለችኝ። በደስታ ልቤ ዘለለ። አልዋሽም፣ ዘለለ። በሽተኛዋን ላመጣ በጥድፊያ ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው ላይ የተኙት እትዬ ነበሩ።

«ውይ ልጄ! አንቺን ላከልኝ?» አሉ። ደረጃ አንሸራትቷቸው ነው። ቀኝ እግራቸው ከግራው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። የዳሌ ስብራት ምልክት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ደስታዬ ባፌ ውስጥ መረረኝ። «እግዚአብሔር ይማርዎ እትዬ» ብዬ ግንባራቸውን ሳምኩና አልጋውን ገፍቼ ወደ ክፍላችን አስገባኋቸው።

አስተማሪዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት በሽተኛው ስሙንና የትውልድ ቀኑን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ ይህን የዘለለ ተማሪ እዚያው ይወድቃል። ግን ሳሎናቸው የተኛሁባቸውን ሴት ማን ነዎት ብዬ እንዴት ልጠይቅ? ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ሙሉ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።»

አተኩረው አዩኝ። «አንቺ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ስሜ ጠፋሽ?»

«አሠራሩ ነው፣ እትዬ።»

«ልደቴንስ የትኛውን? የእውነቱን ነው የወረቀቱን?»

በስደት ካምፕ ያለፈ ሰው ይህ ጥያቄ አይገርመውም። ትክክለኛው ቀን ስላልተመዘገበ የብዙዎቻችን ወረቀት ጃንዋሪ አንድ ነው የሚለው። አስተማሪዬ ግን «ምን አሉ?» አለች፤ እኔም መንተባተብ ጀመርኩ። እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «አንደኛ፣ ተማሪ ነሽ፤ ሁለተኛ፣ ታውቂያቸዋለሽ፤ መተርጎም አይፈቀድልሽም። አስተርጓሚ ጥሪ።»

አስተርጓሚው ጎማ ባለው ዘንግ ላይ የቆመ ታብሌት ነው። ከውስጡ የአንዲት ሴት ትሑት ድምፅ «እንደምን ዋሉ እናቴ» አለ። ከዚያ ወዲያ ለእትዬ በአማርኛ መናገር ተከለከልኩ። እኔ በእንግሊዝኛ «አይንቀሳቀሱ» እላለሁ፣ ድምፁ በአማርኛ ይነግራቸዋል። እትዬ ስማቸውንና የወረቀቱን ልደት ለታብሌቱ ሰጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ፣ አፍሽ ተዘጋ?» አሉ። እሱንም ድምፁ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አስተማሪዬ የሆነ ነገር ጻፈች። እኔ መሣሪያውን ማስተካከል ቀጠልኩ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ታብሌቱ አዙረው እኔን ማየት ተዉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለሁለተኛው ፎቶ ጤነኛውን እግር ከፍ አድርጌ ማስደገፍ ነበረብኝ። ሳነሳው ጮኹ። «አይዞዎት» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ቆማ ቀረች። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅኩና ከመስታወቱ ጀርባ ገባሁ። ትንፋሽ እንዲይዙ የተናገርኩት በድምፁ በኩል ዞሮ እስኪደርሳቸው ጠብቄ ቁልፉን ተጫንኩ።

ምስሉ ወጣ። ካነሳኋቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። የጭናቸው አጥንት ዳሌው ሥር ተሰብሯል፤ ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አስተማሪዬ ቀረብ ብላ አይታ «ጥሩ ነው፣ መድገም የለብሽም» አለችና ፈረመች። ይኸው ነው፣ ትምህርቴን ጨረስኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ወለሉ ላይ የመተኛት ፍላጎት ብቻ ነው።

ወደ እትዬ ስንመለስ ድምፁ እንደ ወጉ «ሌላ ጥያቄ አለዎት እናቴ?» አለ።

እትዬ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «አዎ። ይቺን ልጅ ጠይቂልኝ» አሉት ታብሌቱን። «ፈተና አለብኝ ብላ ስንጸልይላት ነበር። ፈተናው ይሄ ከሆነ፣ አለፍሽ ወይ በያት።»

ድምፁ ተረጎመው። አስተማሪዬ ወረቀቷን አስቀመጠች። «በቋንቋችሁ ንገሪያቸው» አለችኝ።

«አልፌያለሁ፣ እትዬ።»

«ተመስገን!» ብለው ሁለት እጃቸውን ሊያነሱ ሲሞክሩ ሕመሙ ያዛቸውና አንዱን ብቻ አነሱ። ቆይተው እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔስ እግር? አይተሽዋል አይደል?» አሉኝ።

ተማሪ ያየውን እንዲናገር አይፈቀድለትም።

«ዶክተሩ ይነግርዎታል» አልኳቸው።