የአፈ ማር ጀርባ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው አፈ ማር በሚል ስም ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት በትክክል አይታወቅም፤ ከእሱ እጅ ቤት የገዛ ሰው መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ሥራው የቤት ድለላ ነው። የሚሸጥም የሚገዛም ወደ እሱ ይመጣል፣ እሱም መሃል ቆሞ ያስማማቸዋል። በእሱ አፍ ጨለማ ክፍል "ለእንቅልፍ የተመቸ" ነው። መዞሪያ የሌለው ኩሽና "ሁሉ ነገር በእጅ የሚደረስበት" ነው። ከባቡር ሐዲድ ሥር የተሠራ ቤት ደግሞ "መጓጓዣ ከደጃፉ ያልራቀ" ይሆናል። እህቴንም ያገባት በዚሁ ምላሱ ነው ስል እህቴ ትቆጣለች፤ እሱ ግን ሐሰት ነው ብሎ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ከምላሱ ይልቅ ያገለገለው ጀርባው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ልኩን አውቀዋለሁ፤ ለእሱ አንድ ኮት የሚሄደው ጨርቅ ለሌላ ሰው ከነሱሪው ይወጣዋል። ቤት ሲያሳይ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ሄዶ እዚያችው ላይ ደገፍ ይላል። ገዢው ክፍሉን አይቶ እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ይህን ጠባዩን ቤተሰቡ በሙሉ ስለሚያውቅ "አፈ ማር የተደገፈበትን ግድግዳ እንዳታምኑ" እየተባባልን እንስቅ ነበር። እኛ ቤት ሊጠይቀን መጥቶ እንኳ ግድግዳ ከተደገፈ፣ የእኔ ባል ቀስ ብሎ ተነስቶ ከኋላው አጮልቆ ያያል። ባሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከኋላ ያለውን ሳያይ አይንቀሳቀስም።

በዚህ ሁኔታ ስንኖር ስለ ቤት ሽያጭ አዲስ ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ ሳይሠለጥንና ፈቃድ ሳያወጣ ማንም ደላላ ቤት ማሻሻጥ አይችልም ተባለ። ፈቃድ ያወጣውም ቢሆን ያወቀውንና በዓይኑ ያየውን ጉድለት ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት ለገዢው ፊት ለፊት መናገር አለበት። ከሻጩም ሆነ ከገዢው ጋር ዝምድና ካለው እሱንም ይናገራል። ደብቆ የተገኘ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ወደ ሥራውም አይመለስም።

ደላሎቹ ዘንድ ጉድ ፈላ። አንዳንዱ ወደ መኪና ድለላ ዞረ፣ አንዳንዱም ጫማ መነገድ ጀመረ። አፈ ማር ግን ቤቱ ተቀምጦ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ በቤተሰባችን ታይቶ ስለማይታወቅ እህቴ ሐኪም ልትጠራ ምንም አልቀራትም። በመጨረሻ ሲተነፍስ፣ ጉድለቱን ዘርዝሮ ቤት መሸጥ ማለት የሙሽራዋን ኩርፊያ ለአማቶቿ አስቀድሞ እንደ መንገር ነው አለ። ይህን ብሎ ግን በማግስቱ ለሥልጠናው ተመዘገበ። ሌላ ሥራ አያውቅማ።

የዚያን ሰሞን ያየነውን ጉድ መቼም አልረሳውም። ሲመሽ ሳሎኑ መሃል እጁን አጣምሮ ይቆምና የገዛ ቤቱን ጉድለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለማመዳል። እህቴ ከተዳረች ጀምሮ የኖረችበት ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ መሠረቱም ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ ያን ጊዜ ሰማች። ቤቱን ሲጨርስ ወደ ሶፋው አለፈ፣ ከሶፋው ወደ ጎረቤት መኪና። አንድ ምሽት የሾርባውን ጉድለት ሲጀምር እህቴ ጭልፋዋን አስቀምጣ ሕጉ ስለ ቤት ብቻ መሆኑን አስታወሰችው። ፈተናውን አለፈ። ለፈቃዱ ብዬ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ሰፋሁለት፤ በሥራዬ የምኮራበት ልብስ ነው።

እኔና ባሌ ያን ጊዜ ተከራዮች ነበርን። አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ የስፌት ማሽን ድምፅ ግን አትወድም። ገና መርገጥ ስጀምር በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ትደበድባለች። ስንት ቀሚስ እጅጌው ላይ ቆሞ እንዳደረ እኔ ነኝ የማውቀው። የምመኘው ትልቅ ቤት አልነበረም። ማሽኔን የማስቀምጥበት አንድ የራሴ ክፍል ነበር የምፈልገው፣ ከተቻለ ብርሃን ያለው። ባንኩ ሊያበድረን ሲስማማ ሮጬ የሄድኩት ወደ አፈ ማር ነው። መጀመሪያ ለዘመድ አልሸጥም ብሎ እግሬ እስኪቀጥን አመላለሰኝ፣ በኋላ እህቴ ገብታበት እሺ አለ።

ያገኘልን ቤት የአንድ ጡረተኛ መምህር ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ሆነው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ተነስተዋል። ልናይ የሄድን ቀን ጫማቸውን አስጠርገው፣ ክራቫት አስረው በር ላይ ጠበቁን። አፈ ማርም አዲሱን ልብሱን ለብሶ ገባና ከአንዱም ግድግዳ ሳይጠጋ ሳሎኑ መሃል ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"በመጀመሪያ" አለ፣ "እቺ ገዢ የሚስቴ ታናሽ እህት ናት። ይህ የቤቱ የመጀመሪያ ጉድለት ነው።"

መምህሩ እንደ ጎበዝ ተማሪ እያዩት ቀጥል በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠለም። የውጭው በር ዝናብ ሲበዛ ያብጣል፣ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ሦስተኛው ደረጃ ይንቋቋል። ከመታጠቢያው ሙቅ ውሃ የሚመጣው የሚታጠበው ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ጡረታ ሲወጣ መለከት መማር ጀምሯል፣ የሚሳካለትም አይመስልም። እኔ ደግሞ ጉድለቱ በተነገረ ቁጥር ቤቱን ይበልጥ ወደድኩት። ቤቱን እንዲህ እስከ ጓዳው ከነገሩኝ በኋላ ምን ያስፈራኛል? መለከት የሚነፋ ጎረቤት ያለው ሰው በስፌት ማሽን ይቆጣል? ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከኋላ በኩል ያለችው ትንሽ ክፍል ስንደርስ ነገሩ አለቀልኝ። መስኮቷ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ እስከ ወለሉ ትገባለች። ማሽኔን በዓይኔ አስቀመጥኩ፣ የጨርቁን መደርደሪያ አቆምኩ፣ መቀሴን እንኳ ምስማር ላይ ሰቀልኩ። አፈ ማርም ስለዚህች ክፍል የሚናገረው ጉድለት እንደሌለ ነገረን። ከዚያ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ፣ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፣ ወደ ግድግዳው ሄደና ደገፍ አለ።

ባሌን አየሁት፣ እሱም እያየኝ ነበር። ይህን ሁሉ እውነት የዘረገፈልን ይህቺን አንዷን ሊደብቅ ኖሯል ብዬ አሰብኩ፤ ያውም ከእኔ፣ ያውም ከምወዳት ክፍል።

"ጋሼ፣ ከኋላህ ምን አለ?" አልኩት።

"ምንም የለም፤ ደክሞኝ ነው። እውነት መናገር እንዲህ ወገብ እንደሚቆርጥ ማን ነገረኝ።"

"ተነሳ እስቲ።"

ከፋው። ቢሆንም ሊነሳ ሞከረ፣ ኮቱ ግን አልነሳ አለው። ጎተት ሲያደርግ ጨርቁ ከግድግዳው ላይ ቸርርር ብሎ ተላቀቀ። የሰፋሁት ኮት ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የእሱን ጀርባ ያህል ቀለም ተልጦ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ እርጥብ ልስን ይታያል። ባሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። አፈ ማር ግን አልሳቀም። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ ይህ መቼ እንደተቀባ በአክብሮት ጠየቃቸው። ባለፈው ሳምንት ነው አሉ። እስከዛሬ ካልደረቀ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው አላቸው።

እኔ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ፣ መምህሩ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ቤቱ ከእጄ ሊያመልጥ ነው። ቶሎ ብዬ ቀለም አይደል፣ ይደርቃል፣ እኔ ምንም አላየሁም አልኩ።

"እኔ አይቻለሁ" አለ አፈ ማር። "ካየሁ ደግሞ እናገራለሁ። ሕጉ ለማን የወጣ ይመስልሻል? ለአንቺ አይደለም እንዴ?"

መምህሩ እንግዳ ሲመጣ ቤት ማጽዳት ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ ብለው ጠየቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚኮርጅ ተማሪ ሲይዙ የኖሩ ሰው መሆናቸውን፣ ማንም አጭበርባሪ ብሏቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ማንም አጭበርባሪ አላላቸውም ነበር። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ቤቴን አልሸጥም ብለው ያበጠውን በር በትከሻቸው ከፈቱልን።

መንገድ ላይ አፈ ማርን ያላልኩት የለም። የስንቱን ሰው ቤት በዝምታ ሲሸጥ ኖሮ እኔ ላይ ሲደርስ ነው ወይ አፉ የተከፈተው አልኩት። ነጩን ጀርባውን አዙሮ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ። ተናድጄ ነበር፣ ግን ያንን ጀርባ ከኋላ ሆኖ ማየት አንጀት ይበላል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እጅጌ ላይ የቆመ ቀሚሴን ይዤ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ናቸው። ክራቫታቸው የለም፣ ፀጉራቸውና ቅንድባቸው በልስን አቧራ ነጥቷል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልቀመጥም አሉ። ጠዋት በማለዳ አፈ ማር የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ደጃቸው ቆሞ እንዳገኙት ነገሩኝ። ሊመልሱት ነበር።

"ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "'መምህር፣ እርስዎ ግድግዳውን የቀቡት ለእንግዳ ብለው ነው። እኔ ግን ስንቱን ግድግዳ በጀርባዬ ስቀባ ኖርኩ' አለኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው በር ይዘጋል?"

አስገቧቸው። ልስኑ ሲፈነቀል አንድ አሮጌ የቧንቧ መጋጠሚያ ቀስ እያለ ሲያለቅስ ተገኘ። መምህሩ ይህን ሲያዩ ሟች ባለቤታቸው እዚያ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ቁም ሣጥን አስደግፈው እንደኖሩ ትዝ አላቸው። "እሷም ደብቃኝ ነበር ለካ" ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቧንቧውን በራሳቸው ወጪ እያስቀየሩ ነው። ከዚያ ጣታቸውን እንደ መምህር ቀስረው ቁርጡን ነገሩኝ።

"ግድግዳው ሳይደርቅ አልሸጥልሽም። ሲደርቅ ደግሞ ከአንቺ በቀር ለማንም አልሸጥም።"

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ማሽኑን በባዶው እስኪንቀጠቀጥ ረገጥኩት። አከራያችን በመጥረጊያዋ ስትደበድብ እኔም ከዚህ በኩል በጫማዬ መለስኩላት።

ግድግዳው እስኪደርቅ እየተመላለስኩ እንደ ታመመ ሰው ግንባር በመዳፌ ዳሰስኩት። ደረቀ፣ ተለሰነ፣ ተቀባ፣ ውሉም ተፈረመ። የአፈ ማርን ኮት ጀርባ በሌላ ጨርቅ ልቀይርለት ብለምነው አሻፈረኝ አለ። አሁን ቤት ሲያሳይ መጀመሪያ ዞሮ ለገዢው ጀርባውን ያሳያል፣ ታሪኩን ይነግራል፣ ከዚያ ነው ወደ ቤቱ ጉድለት የሚገባው። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፣ በልጧል። እህቴ እንደምትለው፣ ድሮ የሸጠላቸው ሰዎች መንገድ ይቀይሩ ነበር፣ የአሁኖቹ ግን ምሳ ይጋብዙታል።

ዕቃችንን ያስገባን ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ለሸክም መጣ። በሩ ስላበጠ በተራ በተራ በትከሻ ገፋነው። ጎረቤታችን እንኳን ደህና መጣችሁ ሊለን መለከቱን ነፋ፣ አፈ ማርም የነገረን ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋገጥን። በመጨረሻ ማሽኔ በመስኮቱ ሥር ቆመ። ሁላችንም ትንሿ ክፍል ውስጥ በየሣጥኑ ላይ ዘፍ ዘፍ አልን።

አፈ ማር ብቻ መቀመጫ አጣ። ዞር ዞር አለና ያንኑ ግድግዳ ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ባሌ እንደ ልማዱ ከኋላው ሊያይ ቀስ ብሎ ከሣጥኑ ላይ ተነሳ።

"ተቀመጥ" አልኩት። "ጋሼ ደክሞት ነው።"