ምሽግ ውስጥ ያደሩ ችግኞች

ሐምሌ 17፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ሠላሳ ሁለት ችግኝ ይዤ ወጣሁ፤ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት። ዘሩን የለቀምኩት ከተወለድኩበት ደብር ደን ነው። ከዚያ ውጊያ መጣ፤ ደኑ ለምሽግና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ዘር የሚሰጥ ዝግባ አልቀረም። የቀሩት ዝግባዎች እግሬ ሥር ያሉት አሥራ አንዱ ችግኞች ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ ባሕር ዛፍ ቢሆን እኮ ቶሎ ይሸጥ ነበር» አለኝ የሚኒባሱ ረዳት።

«የሚሸጥ አይደለም፤ ወደ ደብሩ የሚመለስ ነው» አልኩት።

ለችግኞቹ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልኩ። ወንበር ግን አልተሰጣቸውም።

3 ሰዓት፤ ደምበጫ

የገበያ ቀን ነው። የፈረስ ጋሪ ያዝኩ። ከከተማው እንደወጣን ተገለበጠ። ተመስገን፣ ሰውም ፈረስም ደኅና ነው። የችግኞቹ ላስቲክ ግን ተቀደደ፤ አፈሩ ረግፎ ሥራቸው ባዶውን ቀረ።

«ይህች ፈረስ ከውጊያው ወዲህ ትደነግጣለች» አለ ባለጋሪው።

«በምን?»

«በሁሉም።»

ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ሥሩን ጠቀለልኩ።

6 ሰዓት፤ ደብሩ

ሐምሌ ፀሐይ ለማውጣት ይህን ቀን መረጠ። የሚቆፍር ሰው አጣሁ። የነፍስ አባቴ የነበሩት ቄሰ ገበዝ ወጡ።

«ወለተ ማርያም፣ ዛሬ እስጢፋኖስ ነው። ውጊያው በእርሱ ቀን ቆመልን። በየወሩ በዕለቱ አፈር ላንቆፍር ተስለናል።»

አላወቅሁም ነበር።

«አባ፣ እስከ ነገ ይደርቃሉ። ሌላ ዝግባ የለም።»

«ስለት ስለት ነው።»

በጉቶዎቹ መካከል ሄዱ። ተከተልኳቸው። ለምሽግ የተቆፈረው ቦይ አፉን ከፍቶ ይታያል፤ አፈሩ ዳር ዳሩን ተቆልሏል።

«ይኸው፣ ተቆፍሯል» አሉ። «ቆፋሪዎቹ በዓል አልጠየቁም።»

«አፈር መመለስስ?»

«ሬሳ በበዓል እንቀብር የለም እንዴ?»

ችግኞቹን ቦዩ ውስጥ ደርድረን ሥራቸውን በእጃችን አፈር አለበስን። ሴቶቹ ውሃ አመጡ። ከልማድ ይሆናል፣ «ነፍስ ይማር» ያለም ነበር።

ሐምሌ 18፣ ጠዋት

ሌሊቱን ዘነበ። ሁሉም ሳይደርቁ አድረዋል። እያወጣን፣ ዓይነቱን እያቀላቀልን በየጉቶው አጠገብ ተከልን። አባ አንዱን ዝግባ ከምሽጉ አላወጡትም።

«ይህስ?» አልኳቸው።

«እዚሁ ይደግ። ዳግመኛ የሚመሽግ ቢመጣ ሌላ ቦታ ይፈልግ።»

በመልስ ጋሪው እንደገና ተገለበጠ። ተመስገን፣ የያዝኩት ባዶ ከረጢት ነበር።