ውኃልክ ያልጻፈው ቁጥር

መርከበኞቹ «ውኃልክ» ይሉታል። ግንበኛ ሆኖ አይደለም፤ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሚሳኤሎቹን አቅጣጫ የሚያስይዘው እሱ ስለሆነ ነው። ሚሳኤል ከመወንጨፉ በፊት የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ከመርከቡ መሣሪያ መማር አለበት፤ ሳይማር ከወጣ ዕውር ነው። ለዚህ ሲባል መርከቡ ግራና ቀኝ እየታጠፈ ይሄዳል፣ ውኃልክም የመርከቡንና የሚሳኤሉን ቁጥር እያስተያየ ይጠብቃል። ሲስማሙ አረንጓዴ መብራት ይበራል።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ጠበቀ። ባለፈው ፈቃድ ሚስቱ፣ «የገዛ ቤትህን በር እንደ እንግዳ ታንኳኳለህ እኮ! በል ግባ፤ ጫማህን ግን አውልቅ» ብላ አሾፈችበት። ሳቀና ጫማውን አውልቆ ገባ። ወደ መርከቡ እንደተመለሰ ግን ወደ የብስ እንዲያዛውሩት ማመልከቻ አስገባ።

«ተተኪህ ብቻዋን አራቱንም ሚሳኤሎች አቅጣጫ ካስያዘች ትሄዳለህ» አለው አዛዡ።

እንድትተካው የተመደበችው ልጅ ጎበዝ ናት። በፈተናዋ ቀን አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አረንጓዴ ሆኑ። አራተኛው ቀይ እንደሆነ ቀረ።

«ጋሼ፣ መመሪያው ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ!»

እውነቷን ነው። የጎደለው መመሪያው ላይ የሌለው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መርከቡ ከወደብ ግንብ ጋር ሲላተም የአራተኛው ሚሳኤል መቀመጫ የፀጉር ያህል ተጣሞ ነበር። ውኃልክ ለክቶ ደረሰበት፤ ግን ለማንም አልተነፈሰም። ማስተካከያውን ቁጥር በሆዱ ይዞ፣ በየጊዜው በእጁ ያስገባዋል። «ያለ እሱ አይሆንም» ሲባል ደስ ይለው ነበር።

አሁን ቢናገር፣ በየዓመቱ «መቀመጫው ደህና ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ቁልል ሆኖ ይጠብቀዋል። መንገዱ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እስር ቤት ነው። ዝም ቢል ልጅቱ ወደቀች።

«እስቲ አንተ ሞክረው» አለ አዛዡ። «አንተንም ካቃተህ መቀመጫው ተፈትቶ ይፈተሻል።»

ራሱ የቋጠረውን ገመድ አንገቱ ላይ አገኘው። ጠጋ ብሎ ሰሌዳውን በትከሻው ጋረደና ቁጥሩን አስገባ። መርከቡ ታጠፈ፣ ደግሞ ታጠፈ። አረንጓዴ በራ።

«ያለ አንተ አይሆንም አላልኩም? እጅህ ይባረክ!» አለ አዛዡ፤ ማመልከቻውንም አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት?» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከጣቶቹ ሳትነቅል።

«ልምድ ነው» አላት። ፊቷን ማየት አልቻለም።

ወደብ ሲደርሱ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«እህሳ፣ ፈቀዱልህ?»

«ለፈቃድ እመጣለሁ» አላት። እሷም ገባት።

«ይሁን» አለች። «ስትመጣ ጠንከር አድርገህ አንኳኳ፤ ጓሮ ልሆን እችላለሁ።»